«ተች»

በዩኒክስና በሊኑክስ ተርሚናል «ተች» መንካት ነው። የሚነካው ግን የፋይሉን ይዘት ሳይሆን ሰዓቱን ነው። ትእዛዙ ከፋይሉ ስም ጋር ሲጻፍ ፋይሉ ለመጨረሻ ጊዜ የተነበበበትና የተለወጠበት ሰዓት ወደ አሁኑ ይዞራል፤ ከጽሑፉ አንዲት ፊደል አትነቃነቅም።

ይህ ለምን አስፈለገ? ስቱዋርት ፌልድማን በ1976 እ.ኤ.አ. በቤል ላብስ የሠራው «ሜክ» የተባለ ፕሮግራም፣ የትኛው ኮድ እንደገና ኮምፓይል መደረግ እንዳለበት የሚወስነው የፋይሎችን ሰዓት እያነጻጸረ ነው። ምንጩ ከውጤቱ አዲስ ሆኖ ከተገኘ ሥራው ይደገማል። ስለዚህ ፕሮግራመሩ ምንጩን ነካ ያደርገዋል፤ ሜክም «ተሻሽሏል» ብሎ ያምናል። የዋህ ነው።

ሰዓቱን ወደ ኋላ መመለስም ይቻላል። «ሰረዝ ቲ» ተብሎ 202001011200 ቢጻፍ፣ ዛሬ የተሠራ ፋይል የጃንዋሪ 1 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ቀትር ሰዓት ይይዛል። «ሰረዝ አር» ደግሞ የሌላ ፋይል ሰዓት ይቀዳል። የተጠራው ፋይል ከሌለ ባዶ ፋይል ይፈጠራል፤ ብዙ ጀማሪ ትእዛዙን የሚያውቀው በዚህ ብቻ ነው።

አንድ ሰዓት ግን ለተች አይታዘዝም፦ ስለ ፋይሉ የተያዘው መረጃ የተቀየረበት። እዚያ ላይ የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነል ራሱ የአሁኑን ጊዜ ይመዘግባል። የፋይልን ዕድሜ የሚጠራጠር ሰው አስቀድሞ ይህን በ«ስታት» ትእዛዝ ይመልከት።