ራስ-አስተናጋጅነት፦ ሰርቨሩ ቤት ሲውል

ጎግል ፎቶስ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ሲጀምር ትልቁ ማባበያው በመጠኑ የተጨመቀ ፎቶን ያለ ገደብና ያለ ክፍያ ማስቀመጡ ነበር። ብዙ ሰው የልጁን ልደት፣ የእህቱን ሠርግ፣ የእናቱን የመጨረሻ ፎቶ እዚያ አከማቸ። ጁን 1 ቀን 2021 ነፃው ነገር አበቃ፤ ከዚያ ወዲህ የሚጫን ፎቶ ኢሜይሉም ፋይሉም ከሚጋሩት 15 ጊጋባይት ላይ ይቀነሳል። ኩባንያው ቀድሞ አስታውቋል፣ ሕግም አልጣሰም። ግን ተከራይ ተከራይ ነው፤ አከራዩ ዋጋ ሲጨምር ወይ ይከፍላል ወይ ጓዙን ይጠቀልላል። የቤተሰብ ታሪክ የሆነ ጓዝ ደግሞ ቶሎ አይጠቀለልም።

በዚህ የተማረሩ ሰዎች የያዙት መንገድ በእንግሊዝኛ ሰልፍ-ሆስቲንግ ይባላል። ከኩባንያ ሰርቨር የምናገኘውን አገልግሎት፣ የፎቶ ማከማቻውንም ሆነ የፊልም ማጫወቻውን፣ በራሳችን ኮምፒውተር ላይ ማስኬድ ማለት ነው። ሶፍትዌሩ በአብዛኛው ክፍት ምንጭና ነፃ ነው፤ ለፎቶ ኢሚች፣ ለፋይልና ለቀን መቁጠሪያ ኔክስትክላውድ፣ ለፊልምና ለሙዚቃ ጄሊፊን አለ። ማሽኑም የተለየ መሆን የለበትም። ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ ሊኑክስ ከተጫነበት ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ እንዲያውም ባትሪው ውስጡ ስላለ ከአዲስ ዴስክቶፕ ይሻላል። ባትሪው ማበጥ ከጀመረ ግን ወዲያው ይወገድ።

በአማርኛ ምን እንበለው? ቃል በቃል «ራስን ማስተናገድ» ቢባል ድግስ ላይ ሰሃን ይዞ የሚዞር ሰው ነው የሚታየን። «የቤት ሰርቨር» ደግሞ የዕቃው ስም እንጂ የሥራው አይደለም። እኔ የምመርጠው «ራስ-አስተናጋጅነት» ነው። «ራስ-ገዝ» እና «ራስ-አገዝ» በተሠሩበት መንገድ ስለተሠራ ለጆሮ እንግዳ አይሆንም፣ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነም ይናገራል። ግሡም ቀላል ነው፦ «ፎቶዎቼን በራሴ አስተናግዳለሁ»። ሰርቨር፣ ራውተርና ፖርት ግን እንዳሉ ይቆዩ፤ ቴክኒሻኑም ደንበኛውም የሚጠሯቸው እንደዚያ ነው።

ብዙ ጀማሪ የሚስተው ግን ከስሙ ሌላ ነገር ነው፦ ዳታው ቤት ገባ ማለት ምስጢሩ ተጠበቀ ማለት አይደለም።

ራውተር በተለመደው አሠራሩ ከውጭ ሳይጠራ የሚመጣ ግንኙነትን አያስገባም። በቤት ዋይፋይ ብቻ የሚያገለግል ሰርቨርም ለውጭ ሰው አይታይም። ጣጣው የሚመጣው ባለቤቱ ቢሮ ወይም ሌላ አገር ሆኖ ፎቶውን ማየት ሲያምረው ነው። ያን ጊዜ ቀላል የሚመስለው መፍትሔ ራውተሩ ላይ ፖርት መክፈት ነው። የተከፈተ ፖርት ባለቤቱንና ሌላውን ዓለም አይለይም፤ የኢንተርኔት አድራሻዎችን ሌት ተቀን የሚያስሱ ፕሮግራሞችም ሳይውሉ ሳያድሩ ይደርሱበታል። ባለቤቱ ታዋቂ ይሁን አይሁን ለእነሱ ጉዳያቸው አይደለም።

ጁን 2021 ላይ የዌስተርን ዲጂታል ማይ ቡክ ላይቭ የተባለው የቤት ማከማቻ ባለቤቶች የዓመታት ፋይላቸው ከርቀት ተሰርዞ አገኙት፤ መሣሪያው ከ2015 ወዲህ ማሻሻያ አልወጣለትም ነበር። በጃንዋሪ 2022 ደግሞ ዴድቦልት የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ለኢንተርኔት ክፍት የነበሩ የኪውናፕ ማከማቻዎችን እየቆለፈ ከእያንዳንዱ ባለቤት 0.03 ቢትኮይን ጠየቀ። ሁለቱም ዕቃዎች «ክላውድን በቤትዎ» እየተባለ የሚሸጡ ዓይነት ናቸው።

የላስትፓስ ታሪክ ከሁለቱም የባሰ ነው። ላስትፓስ የሰዎችን ይለፍ ቃል የሚያስቀምጥ ኩባንያ ነው። በ2022 ሰርጎ ገቦች የኩባንያውን መጠባበቂያ ቅጂዎች የሚፈቱ ቁልፎች በእጃቸው ከሚገኙ አራት መሐንዲሶች አንዱን ለይተው ቤቱ ባለው ኮምፒውተር በኩል ገቡ። የገቡበት ቀዳዳ ፕሌክስ የተባለ የፊልም ማጫወቻ ሰርቨር ነበር። ፕሌክስ ቀዳዳውን የደፈነው በሜይ 2020 ነው፤ ማሻሻያው ግን በዚያ ኮምፒውተር ላይ አልተጫነም። ከዚያ የሚተየበውን የሚቀዳ ፕሮግራም አስቀመጡ፣ የመሐንዲሱን ዋና ይለፍ ቃል ወሰዱ፣ የደንበኞች የተመሰጠረ ካዝና ቅጂ ድረስ ዘለቁ። ፊልም ለማየት የተተከለች ሰርቨር ነች ይህን ሁሉ ያመጣችው። ስለዚህ ማሻሻያ በየጊዜው የማይጭን ሰው ራስ-አስተናጋጅ ባይሆን ለራሱም ለመሥሪያ ቤቱም ይሻለዋል።

ታዲያ ከውጭ እንዴት ይገባል? በቪፒኤን ነው። እዚህ ላይ የምለው ማስታወቂያ የሚነገርለትን፣ አገር ቀይሮ ፊልም ማሳያውን ዓይነት አይደለም፤ ስልካችሁን ከቤታችሁ ኔትዎርክ ጋር በተመሰጠረ መስመር የሚያገናኘውን ነው። ዛሬ ለዚህ የሚመረጠው ዋየርጋርድ ነው፤ ጄሰን ዶነንፌልድ ጀመረው፣ በ2020 ደግሞ የሊኑክስ ከርነል 5.6 አካል ሆነ። ትክክለኛው ቁልፍ ለሌለው ጠያቂ ምንም መልስ አይሰጥም። አሳሹ ፕሮግራም ሲያንኳኳ ዝም ይለዋል፤ ሰው ይኑር አይኑር እንኳ አያውቅም።

አንድ እንቅፋት አለ። አይፒቪ4 የሚባለው አድራሻ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ስለሆነ ብዙ አቅራቢዎች፣ በተለይ የሞባይል ኢንተርኔት የሚሸጡት፣ አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ያካፍላሉ። ራውተራችሁ ከውጭ በኩል የያዘው አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ እናንተም ከተጋሪዎቹ ናችሁ፤ ከውጭ በቀጥታ ሊደረስባችሁ አይችልም። ለዚህ ቴይልስኬል የተባለው አገልግሎት ዋየርጋርድን ተጠቅሞ ሁለቱን ጫፎች ያገናኛል። ዳታውን አያነብም፤ የትኛው መሣሪያ ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ የሚያስተባብረው ሰርቨር ግን የኩባንያው ነው። ይህም የማይዋጥለት ሰው ያንን አስተባባሪ ሰርቨር የሚተካውን ሄድስኬልን በራሱ ማስተናገድ ይችላል፤ ለጀማሪ ግን አልመክርም።

ሌባም አለ። ላፕቶፑን ብድግ አድርጎ ቢሄድ ፎቶውም ሰነዱም አብሮ ይሄዳል፤ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ይመስጠር። የዚህ ዋጋው መብራት ሄዶ ማሽኑ ከጠፋ ሲነሳ ይለፍ ቃል መጠየቁ ነው፤ ባለቤቱ ክፍለ ሀገር ከሆነ ቤት ያለ ሰው ሊያስገባለት ይገባል። ማንን እንደምታምኑ ቀድማችሁ ወስኑ።

ኢሜይልን በራሳችሁ አታስተናግዱ። የቤት መስመር ላይ ፖርት 25 ብዙ ጊዜ ይዘጋል፤ ቢከፈትም ትልልቆቹ አቅራቢዎች ከቤት አድራሻ የሚመጣን ደብዳቤ ወደ አይፈለጌ ሳጥን ይጥሉታል። በፎቶ ጀምሩ። ጥቅሙን ቤተሰቡ ሁሉ ያየዋል፤ ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ጊዜም፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በኢትዮጵያ እንደሆነው ለሳምንታት ቢጠፋ እንኳ፣ በዋይፋይ ቤት ውስጥ ያለው አልበም ይከፈታል።

የቀረው መጠባበቂያ ቅጂ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። የባለሙያዎቹ ልማድ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚል ነው። ሁለት ዲስክ አንድ ማሽን ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ከእሳትም ከሌባም አያድንም። የብዙዎቻችን ዘመድ ውጭ አገር ስለሆነ ሦስተኛው ቅጂ ሩቅ ቦታ አያጣም፦ ሬስቲክ በመሰለ ፕሮግራም የተመሰጠረ ቅጂ ዋሽንግተን ባለች እህት ቤት ሊቀመጥ ይችላል፤ እሷም ልትከፍተው አትችልም። የመጀመሪያውን ትልቅ ቅጂ በቀርፋፋ መስመር ከመላክ በውጫዊ ሀርድ ዲስክ ጭናችሁ ከሚሄድ ሰው ጋር ላኩት፤ ከዚያ በኋላ የሚጓዘው አዲሱ ብቻ ነው። የምስጠራውን ይለፍ ቃል ግን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከዲስኩ ለይታችሁ አኑሩ፤ ከጠፋ ፎቶውን ማንም መልሶ አያመጣውም። ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ ከፍታችሁ በዓይናችሁ ሳታዩም የድሮውን የጎግል አካውንት እንዳትሰርዙ።