እርከንና ጠባቂው

ከኢየሩሳሌም ወደ ቤተ ልሔም የሚወርድ መንገደኛ ፊቱን ወደ ምዕራብ መለስ ቢያደርግ፥ የይሁዳ ተራሮች ጎናቸው እንደ ደረጃ ተደርድሮ ያያል። ያ ደረጃ እርከን ነው። ድንጋዩ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ በድንጋይ ላይ ተደርቦ ቆሟል፤ በስተኋላው አፈር ተሞልቶ ወይራ፥ ወይንና በለስ ተተክሎበታል። ተሳላሚ አብዛኛውን ጊዜ ይህን አይቶ ያልፋል፤ ልቡ ቅዱሳት መካናትን ይሻልና። ነገር ግን ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 5 ስለ ወይን ቦታ የተናገረውን ምሳሌ ላነበበ ሰው፥ ይህ ተራራ ራሱ እንደ ትርጓሜ መጽሐፍ ነው። በምሳሌው የወይኑ ባለቤት አስቀድሞ መሬቱን ቈፈረ፥ ድንጋዩን ለቀመ፥ ከዚያ በኋላ ተከለ። ቅጥሩ በፈረሰ ጊዜ የሚመጣውንም ነቢዩ አልሸሸገም።

ከኢየሩሳሌም በስተ ደቡብ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በቲር የምትባል መንደር አለች። የመንደሪቱ ሰዎች የምንጩን ውሃ በቦይ ወደ እርከኖቻቸው ይመራሉ። ውሃውን የሚካፈሉት ስምንት ወገኖች ስለ ሆኑ፥ ለእያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ ቀን ሲደርሰው የውሃ ተራቸው ሳምንት ስምንት ቀን ሆኗል። በሰኔ ወር 2006 ዓ.ም. ዩኔስኮ ይህችን ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፥ በዚያው ጊዜ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ቈጠራት። ከምክንያቶቹም አንዱ ገበሬው እርሻውን እየተወ በመሄዱ እርከኑ ጠባቂ ማጣቱ ነው። የአፈርን ዕድሜ የሚመረምሩ ሊቃውንትም ይህንኑ የሚያጸና ነገር አግኝተዋል። በኢየሩሳሌም ዙሪያ የእርከን ልማድ ጥንታዊ ቢሆንም፥ ዛሬ ቆመው ከምናያቸው ግንቦች ብዙዎቹ ባለፉት ጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ የተሠሩ ወይም እንደ ገና የታደሱ ናቸው። ስለዚህ ጥንታዊ የምንለው እርከን፥ ልጅ ከአባቱ ተቀብሎ በየጊዜው የጠገነው ነው።

በ1931 ዓ.ም. ዋልተር ላውደርሚልክ የተባለ አሜሪካዊ የአፈር ጥበቃ ሊቅ፥ በብዙ ሀገር ተዘዋውሮ የተበላሸ ምድር ከተመለከተ በኋላ፥ ከኢየሩሳሌም በሬዲዮ ንግግር አደረገ። አሳቡም በዐሥርቱ ትእዛዛት ላይ ምድርን ስለ መጠበቅ የሚናገር ዐሥራ አንደኛ ትእዛዝ ያስፈልግ ነበር የሚል ነው። ቅን አሳብ ነው። ሆኖም መጻሕፍትን ለተማረ ሰው ትእዛዙ አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ቁጥር 15 አዳም ስለ ገነት ሁለት ሥራ ተሰጥቶታል፤ አንዱ ማበጀት፥ ሁለተኛው መጠበቅ ነው። ሁለቱ ለምን ተለይተው ተነገሩ ቢሉ፥ የሚያበጅ ሁሉ የሚጠብቅ ስላልሆነ ነው። በትእዛዝም በደመወዝም ማበጀት ይቻላል። መጠበቅ ግን ነገሩን የእኔ ነው ከሚል ሰው በቀር ከማንም አይገኝም። በሀገራችን በኢትዮጵያ ባለፈው ግማሽ ምዕት ዓመት የተደረገው የእርከን ሥራ ታሪክ ይህን በግልጥ ያሳያል።

አስቀድሞ ገበሬያችን ያለ አስተማሪ የሚያውቀውን እንናገር። በደቡብ ኢትዮጵያ ኮንሶዎች ተራራቸውን በድንጋይ እርከን ከበው ኖረዋል። ግንቡ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ሥራው ከ400 ዓመት በላይ፥ በትውልድ ቢቈጠር 21 ትውልድ እንደ ሆነው ተነግሯል፤ በሰኔ 2003 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የሰሜኑም ገበሬ ባዶውን አልነበረም። ትርፍ ውሃ የሚወጣበትን ፈሰስ በማሳው ላይ ይቀድዳል፤ በማሳና በማሳ መካከል የማይታረስ የሣር ድንበር ይተዋል፤ ከእርሻው የለቀመውን ድንጋይ በተዳፋቱ ላይ ይደረድራል።

ብዙ ሰዎች የጥንቱ ምድራችን ሁሉ ደን እንደ ነበረና በዘመናችን ብቻ እንደ ተራቈተ ይናገራሉ። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ከዘመተው ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡ ፎቶግራፍ አንሺዎች በሰሜን ኢትዮጵያ ያነሷቸው ሥዕሎች ግን ሌላ ይመሰክራሉ። ከ140 ዓመት በኋላ የቤልጅግና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በእነዚያው ስፍራዎች ቆመው እንደ ገና ፎቶግራፍ አነሡ፤ ጥናታቸውንም በፈረንጅ 2009 አሳተሙ። ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲታዩ፥ ተራራው በያኔው ዘመንም የተራቈተ እንደ ነበረ፥ በብዙ ስፍራም የዛሬው ምድር ከያኔው ይልቅ ዛፍ የበዛበት መሆኑ ታወቀ። ይህ ነገር ተስፋ አለበት። የተጐዳ ምድር በሰው ሥራ ሊያገግም እንደሚችል ያስረዳልና።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ጽኑ ረኀብ ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ታወጀ፤ የገበሬ ማኅበራትም ተቋቋሙ። ከዚህ በኋላ መንግሥት የውጭ እርዳታ እየተቀበለ በየተራራው ታላቅ የእርከን ሥራ አስጀመረ። ለሠራተኛው ሒሳቡ በእህል ነበር፤ ከዓለም የምግብ ፕሮግራም በሚገኘው እርዳታ ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይሰጥ ነበር። በአፍሪካ ከተደረጉት እንዲህ ካሉ ሥራዎች ከታላላቆቹ አንዱ ይህ ነው። ችግሩ በእውነት ከባድ ነበር። በፈረንጅ 1986 የወጣው የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ጥናት፥ ከኢትዮጵያ ደጋ በየዓመቱ 1.9 ቢሊዮን ቶን ያህል አፈር እንደሚታጠብ ገመተ። የስዊስ ተወላጁ ሐንስ ሁርኒም በፈረንጅ 1988 ባወጣው ጽሑፍ፥ ከሚታረሰው መሬት ከአንድ ሄክታር በዓመት በአማካይ 42 ቶን እንደሚሄድ አመለከተ።

እርከኑ ተሠራ፤ ተራራውም ለዛፍ ተከለለ። ነገር ግን በ1982 ዓ.ም. መንግሥት የኢኮኖሚ ሥርዓቱን ሲለውጥ፥ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ራሱ ሲወድቅ፥ በብዙ ቦታ ገበሬው እርከኑን አፈረሰ፥ የተከለለውንም ደን መነጠረ። በዓመታት ድካም የተሠራ ሥራ በጥቂት ወራት ፈረሰ።

ገበሬው ለገዛ ምድሩ ጠላት ሆኖ ነውን? አይደለም። ምክንያቱን ራሱ ቢጠይቁት ይናገራል። እርከኑ ከማሳው ከዐሥር እጅ አንዱን፥ በቁልቁለት ላይ ከዚያም የሚበልጠውን ይወስድበታል። መስመሮቹ የተቀራረቡ ሲሆኑ ጥማድ በሬ ማዞር ያስቸግራል። የድንጋዩ ክምር ለአይጥ መሸሸጊያ፥ ጠርዙም ለሰርዶ መብቀያ ይሆናል። ዝናብ በሚበዛበት አገር ውሃው ከእርከኑ በላይ ቆሞ ሰብሉን ያበሰብሳል። ከዚህም በላይ ትርፉ ፈጥኖ አይታይም። እርከን አፈርን ወዲያው ይይዛል፤ ምርት የሚጨምረው ግን በብዙ ስፍራ ከዓመታት በኋላ ነው። ለነገ ጎተራው የሚጨነቅ ሰው ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚመጣውን ትርፍ እንዲጠብቅ ተጠየቀ፤ መሬቱ ግን በሚመጣው ዓመት ለሌላ ሊደለደል ይችል ነበር። ተራራው ሲከለልም የከብቱ ግጦሽ ተወሰደበት፤ ሣሩን ማን እንደሚያጭደው፥ ዛፉን ማን እንደሚቈርጠው የነገረው አልነበረም። በአጭሩ ግንቡ የመንግሥት፥ ስንዴውም ደመወዙ ነበር። ደመወዙና አዛዡ በሄዱ ጊዜ ጠባቂ አልቀረም።

ከዚህ ውድቀት ትምህርት የወሰዱ ነበሩ። መጀመሪያው ትምህርት ሥራው እንደ አገሩ ጠባይ ይለያይ የሚል ነው። በትግራይ ደረቅ ምድር የተደረገ ምርመራ የድንጋይ እርከን የአፈሩን መታጠብ በአማካይ በ68 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ በዚያ አገር እርጥበቱን ስለሚይዝ ለሰብሉም ይረዳል። ዝናብ በሚጠግበው በጎጃም ግን ያው እርከን መውረጃ ካልተበጀለት ይጐዳል። አንዱን ንድፍ ለሁሉ አገር ማዘዝ፥ ለበሽተኛ ሁሉ አንድ መድኀኒት እንደ መስጠት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የይዞታ ነገር ነው። በትግራይ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ፥ በአማራ ክልልም ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለገበሬው የመሬት ደብተር ተሰጠው። ደብተሩ መሬቱን እንዲሸጥ አያደርገውም፤ ነገር ግን ይህ ማሳ በስሙ የተጻፈ መሆኑን ያረጋግጥለታል። ከዚህ በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች ደብተር የያዘ ገበሬ እርከኑን ለመሥራትና ለመጠገን ይበልጥ እንደሚተጋ አስረድተዋል። የእንጀራው ተስፋ ካለበት ድንጋይ መሸከም አይከብደውም።

ሦስተኛው ትምህርት ስለ ጋራ መሬት ነው። በምሥራቅ ትግራይ በውቅሮ አጠገብ፥ በሁለቱ ነገሥታት በአብርሃና በአጽብሐ ስም የተጠራች መንደር አለች፤ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያኗም የታወቀ ነው። በድርቅ ብዛት ሕዝቧ ወደ ሌላ አገር እንዲሰፍር እስከ መታሰብ ደርሶ ነበር። ሕዝቡ ግን ከተራራው ጫፍ ጀምሮ እርከንና ክትር ሠራ፥ ከብት ከተከለለው ስፍራ እንዳይገባ በራሱ ሕግ ወሰነ፥ ሣሩንም አጭዶ ተካፈለ። በላይ የቆመው ውሃ ወደ ምድር ውስጥ ሰርጎ በታች በጕድጓዶቹ ተገኘ፤ በደረቀው ሜዳም ፍራፍሬና አትክልት በቀለ። ስለዚህ ሥራ በ2004 ዓ.ም. ኢኳቶር የተባለውን የተባበሩት መንግሥታት ሽልማት ተቀበለች። ልብ በሉ፤ በዚህች መንደር የተሠራው እርከንና ክትር በቀደመው ዘመን ከፈረሰው በዐይነቱ ብዙም አይለይም። ልዩነቱ ሕጉን ያወጡትም ሣሩን የሚካፈሉትም እነርሱ ራሳቸው መሆናቸው ነው።

በትግራይ የሠራው ሁሉ በፈቃዱ ብቻ ነበር ማለታችን አይደለም። ጤነኛ የሆነ ሰው ሁሉ ያለ ክፍያ ጉልበቱን እንዲያዋጣ ግዴታ ነበረበት፤ በኋለኞቹ ዓመታት ግዴታው በዓመት 20 ቀን ሆኗል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህም ከመኸር በኋላ በጥርና በየካቲት ሕዝብ ለተፋሰስ ሥራ እንዲወጣ በሌሎችም ክልሎች ተደርጓል። በዚህ ዘመቻ ቍጥር ለማሟላት ብቻ የተሠራ፥ ክረምት የሚያፈርሰው እርከን አልታጣም። ዘመቻ ግንብ ያቆማል፤ የሚጠግነው ግን የማሳው ባለቤት ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነትም በትግራይ በብዙ ስፍራ የተከለለው ዛፍ ለማገዶ ተቈረጠ፤ ሰው ነፍሱን ለማዳን ሲሮጥ ድንጋይ የሚጠግን አይገኝምና። ሰላም ከሌለ ጠባቂ የለም።

ክቡራን አንባብያን፥ ከእናንተ ብዙዎቹ ካህናትና መነኮሳት ናችሁ፤ ሌሎቻችሁም ተሳልማችሁ ወደ አጥቢያችሁ ትመለሳላችሁ። በዚህ ነገር የቤተ ክርስቲያን ሰው ምን ድርሻ አለው ቢሉ፥ ከቅርቡ እንጀምር። በገበሬዎች መካከል ከሚነሡት ክሶች አንዱ የውሃ ክስ ነው። የላይኛው ማሳ ባለቤት ፈሰሱን ወደ ታችኛው ጎረቤቱ ማሳ ይለቅቃል፤ የታችኛው እርከን በአንድ ሌሊት ይፈርሳል። ባለሙያ የእርከኑን መስመር ሊያሰምር ይችላል፤ ሁለቱን ጎረቤቶች አስታርቆ የውሃውን መውረጃ በጋራ እንዲቈፍሩ የሚያደርግ ግን የንስሐ አባትና የአገር ሽማግሌ ነው። ይህ እርቅ ካልተደረገ ማናቸውም የባለሙያ ንድፍ ከወረቀት አያልፍም።

ሁለተኛው በጎንደርና በጎጃም የምናየው ነው። በዚያ አገር ከጥንቱ ደን የተረፈው አብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አጥቢያዎች ከምሁሩ ከዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ጋር ተመካክረው፥ ምእመናኑ ከማሳቸው ለቅመው ባመጡት ድንጋይ በደኑ ዙሪያ ካብ ሠሩ። ካቡ ከብትን ከለከለ፥ ችግኙም ከእግር ዳነ፤ ማሳውም ከድንጋይ ጸዳ። አንድ ድንጋይ ሁለት ሥራ ሠራ ማለት ነው።

እንግዲህ ገበሬውን እንርዳ የሚል ሁሉ፥ መንግሥትም ቢሆን ለጋሽም ቢሆን ካህንም ቢሆን፥ ግንቡን ከመለካቱ በፊት እነዚህን ይጠይቅ፦ ይህ መሬት በማን ስም ነው? ሣሩን ማን ያጭዳል? ውሃው ወዴት ይወርዳል? በሚመጣው ክረምት ድንጋዩ ሲወድቅ ማን ያነሣዋል? ለእነዚህ መልስ የተገኘ እንደ ሆነ ገበሬው ሥራውን ያውቅበታል፤ አባቶቹ በተራራ ላይ ሲሠሩት ኖረዋልና።