የጄሪካን ሐሜት

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ስለ አንዲት ነጭ ኮሮላ ላጫውታችሁ። ባለቤቷ አጎቴ ነው። ሶዶ ላይ ቅቤ ይነግዳል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ሃላሌ ወርዶ ይመለሳል። ሃላሌን ለማታውቁ፣ የኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከሶዶ ስትነሱ ዳሞታ ተራራ ከጀርባችሁ ይቀራል፤ ከፊታችሁ ያለው አገር ደግሞ ወደ ኦሞ ሸለቆ፣ የጊቤ 3 ግድብ ውሃ ወደተኛበት ይዘቀዝቃል። መውረዱስ ቀላል ነው። ጉዱ ያለው ሲመለሱ ነው።

ኮሮላዋ ሲመለሱ ትታመም ጀመር። ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሽ ስትገባ ታስላለች። ነዳጅ ቢረግጡላት ጉልበት የላትም። ከኮፋኖው ሥር፣ እፍኝ ጠጠር ቆርቆሮ ላይ የበተኑ ይመስል ‘ቅጭ ቅጭ ቅጭ’ ይላል። ሶዶ ገብታ ጋራዥ በር ላይ ስትቆም ግን ሚኒሞዋ እንደ ሰዓት ነው። ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕመሙ የሚጠፋበት ሰው አይታችሁ የለ? እንደዚያ።

መካኒኮቹ ካንዴላ ቀየሩ። ኮይል ቀየሩ። የነዳጅ ፓምፕ ቀየሩ። የቅቤው ትርፍ በየተራ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄደ፤ ሳሉ ግን አልለቀቃትም። በመጨረሻ አጎቴ ጥፋተኛዋን አገኘኋት አለ። ሃላሌ ገበያ ዳር በጄሪካን ቤንዚን የምትሸጥ ሴት አለች። «ላምባ ትቀላቅልበታለች» አለ። አለና ዝም ቢል ጥሩ ነበር፤ ለባጃጅ ነጂዎቹም ነገራቸው። ነገሩ የማይመስል አልነበረም። ላምባ የገባበት ቤንዚን ካንዴላው ከለኮሰው እሳት ሌላ በገዛ ራሱ እየፈነዳ ፒስተኑን ይቀጠቅጠዋል፤ ያ ጠጠር የሚመስለው ድምፅም እሱው ነው። እናላችሁ ሴትዮዋ ገበያ አጣች። አጎቴም በፊቷ ሲያልፍ «ሳሮ» ማለት ተወ። በወላይታ ሰላምታ መንፈግ ምን ማለት እንደሆነ የወላይታ ልጅ ያውቀዋል።

አጎቴ ስለ መኪና የማያውቅ ሰው እንዳይመስላችሁ። ድሮ ፔጆ 404 ነበረው። በሶዶ ከፍታ፣ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ፣ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በሳሳ አየር ቤንዚኑ ቀስ ብሎ ስለሚነድ እሳቱን ትንሽ ቀደም አድርጎ መለኮስ ያስፈልጋል። አጎቴ ይህን የሚያደርገው በእጁ ነበር። የዲስትሪቡተሩን ብሎን ያላላና ለአመል ያህል ያዞረዋል፤ ከዚያ ዳገት ይወጣል፤ ጠጠሩ ከተሰማው ወርዶ የፀጉር ያህል ይመልሰዋል። ጆሮው ነበር መሣሪያው። ኮሮላዋ ግን የሚያላሉት ዲስትሪቡተር የላትም። እሷ ጋ ያንን ሥራ የሚሠራው ኮምፒውተሯ ነው፤ ሞተሩ ላይ የተጣበቀች ጆሮ አለችው፣ ጠጠሩን በሰማ ቁጥር እሳቱን በራሱ ያዘገየዋል። እሳት ሲዘገይ ጉልበት ይጠፋል።

ታዲያ በዚህ መሐል ቴክኒክና ሙያ የተማረ የሰፈራችን ልጅ መጣ። በእጁ የክብሪት ቀፎ የምታህል ነገር ይዟል። «ጋሼ፣ እርስዎ የሚያሳክሟት ጤነኛ ስትሆን ነው» አለው። «በሕመሟ ሰዓት እንያት።»

ከመሪው ሥር አጎንብሶ ባለ 16 ቀዳዳውን መሰኪያ አገኘ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በየመኪናው እንዲኖር ያስገደደችው ዓይነት መሰኪያ ነው፤ አጎቴ ስንት ዓመት ጉልበቱ ሲነካው ኖሮ ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። ልጁ ቀፎዋን ሰክቶ ስልኩን ከፈተ። የመጀመሪያው ወሬ ‘ፒ 0171’ የሚል ሆኖ መጣ፤ ‘ሞተሩ ነዳጅ አንሶት አየር በዝቶበታል’ እንደማለት ነው። «ይሄኮ የቼክ መብራቱን ማብራት ነበረበት» ብሎ ዳሽቦርዱን ፈታው። አምፖሏ የለችም! ኮሮላዋን የሸጠለት ሰው ነቅሏት ኖሯል። እንዲህ ያለው ብልጠት በየአገሩ ሞልቷል፤ ከመኪናው በሽታ ይልቅ መብራቱን ማከም።

አንድ ማክሰኞ ሦስታችን ወረድን። እኔ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ልጁ ስልኩ ስድስት ነገር ብቻ እንዲመዘግብ አዘዘው፦ ዙሩን፣ ፍጥነቱን፣ የሚገባውን አየር፣ የኦክስጅን ሴንሰሩን፣ የነዳጁን ማካካሻና እሳቱ የሚለኮስበትን ዲግሪ። «ብዙ ከጠየቅነው ይዘገይብናል» አለ፤ ቀፎዋ ርካሽ ስለሆነች በአንድ ጊዜ ብዙ መናገር አትችልም።

ማካካሻ ያልኳችሁ ይህ ነው። 1 ግራም ቤንዚን በደንብ እንዲነድ 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ የገባውን አየር ይለካና ቤንዚኑን ይመጥናል። ከዚያ በጭስ መውጫው ላይ ያለው ሴንሰር ጭሱን አሽትቶ ‘አነሰ’ ወይም ‘በዛ’ ይለዋል። ቦሽ የሠራው ይህ አሽታች መጀመሪያ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በ1976 በቮልቮ ላይ ነው። ‘አነሰ’ ከተባለ ኮምፒውተሩ ይጨምራል፤ ስንት በመቶ እንደጨመረም ይናገራል። እስከ 5 ድረስ ያለው ጤና ነው።

ሃላሌ ስንደርስ ልጁ «ቤንዚን ከእሷው እንቅዳ» አለ። አጎቴ ከመኪናው አልወረደም። ሴትዮዋ አንድ ቃል ሳትተነፍስ 10 ሊትር በማጥለያ ጨርቅ ቀዳችልን።

መመለሻው ላይ ሜዳ ሜዳውን ማካካሻው 2 እና 3 ነበር። እሳቱም በቦታው። ያው የተሰደበው ቤንዚን ነው እኮ የሚነደው! ዳገቱ ጀመረ፤ አጎቴ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ረገጠ። ማካካሻው 9 ሆነ፣ 16 ሆነ፣ 22 ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ነው ጠጠሩ የተሰማው፤ 24 ዲግሪ ላይ የነበረው እሳት ወደ 11 ወረደ። ልጁ ስልኩን ወደ አጎቴ አዞረና «ቅደም ተከተሉን ይመልከቱ» አለ። «ላምባ ቢሆን መጀመሪያ የሚመጣው ጠጠሩ ነበር። አሁን የቀደመው የነዳጅ ማነስ ነው፤ ሞተሩ የደረቀ ነገር ሲያነድ ስለሚግል ያኔ ይቀጠቅጣል። ያልተቆጠረ አየር በሆነ ቦታ እየገባ ነው። የሚገባውም ሞተሩ ሲታገል ብቻ ነው።»

ዳር ይዘን ቆምን። ኮፋኖው ተከፈተ። «ጋሼ፣ ፍሬኑን አጥብቀው ይያዙ፣ አንደኛ አስገብተው ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይልቀቁልኝ።» ሞተሩ ሊነሳ እንደፈለገ በሬ ወደ ጎን ተጋደለ። ያኔ አየነው። ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጥቁር የጎማ ቧንቧ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ነው፤ ከሥር በኩል፣ በሁለት እጥፋት መሐል የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ እንደ ዓሣ አፍ ተከፈተ። ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ ሞተሩ ተመልሶ ተቀመጠ፤ አፉም ገጠመ። ጋራዥ ውስጥ ቆማ ማን ያየዋል?

በጥቁር ፕላስተር ጠቅልለነው ሶዶ ገባን። ማካካሻው 4 ላይ አደረ። አንድ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሰምቶ በላፕቶፕ የኮምፒውተሯን የነዳጅና የእሳት ሰንጠረዥ ልጻፍላችሁ ብሎ ነበር። ለእሽቅድድም ሞተር ሥራው ክቡር ነው፤ በተቀደደ ጎማ ላይ ግን ምን ይጻፋል? አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ቧንቧ ተገኘ፤ ተገጠመ፤ አለቀ። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያሉ አሮጌ ኮሮላዎች ገና ብዙ ይጠገናሉ።

በቀጣዩ ገበያ አጎቴ ልጁንም ስልኩንም ይዞ ሃላሌ ወረደ። ሴትዮዋ ፊት ቆመ።

«ሳሮ፣ እህቴ። ቤንዚንሽ ንጹሕ ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለችው፣ ጄሪካኑን እየወለወለች። «የሚነግሯቸው እነዚያን ነው።» በአገጯ ወደ ባጃጆቹ አመለከተች።

ሄደ። አንድ በአንድ ስልኩን እያሳየ መስመሮቹን ሲያስረዳ ዋለ። አንዱ ወጣት ነጂ ስክሪኑን በጣቱ ነካና «ይቺ ሽቅብ የወጣችው ቀይ መስመር የእሷ ቤንዚን ናት?» ብሎ ጠየቀ።

«አይደለም» አለ አጎቴ። «የኔ ቧንቧ ነው። ና፣ 5 ሊትር ቅዳ፤ ሒሳቡ በኔ ነው።»