ያለ ፍሪሲዮን የተነዳው የጭነት መኪና

በዩናይትድ ስቴትስ ገጠር ከጎተራ ጥግ ለብዙ ዘመን ቆሞ የዛገ የሼቭሮሌት ወይም የጂ. ኤም. ሲ. የጭነት መኪና ሲገኝ፣ የአሮጌ መኪና ወዳጆች ከብበው የሚመክሩበት ጉዳይ ብዙ ነው። ቀለሙ ምን ይሁን? የጭነቱ ወለል ከምን ሣንቃ ይሠራ? ይህ ሁሉ በቀላሉ ይወሰናል። ክርክሩ የሚከርረው መኪናው በ1954 ወይም በ1955 የተሠራና አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ሆኖ ሲገኝ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያ ከባድ ብረት ይጠገን ወይስ በሌላ ይተካ? ጥያቄው የጋራዥ ጥያቄ ብቻ ቢመስልም የታሪክም ጥያቄ ነው፤ ካምቢዮው ሲለወጥ የመኪናው አነዳድ፣ ከአነዳዱም ጋር የዘመኑ ሾፌር ልማድ አብሮ ይጠፋልና።

የካምቢዮው ስም ሃይድራ-ማቲክ ነው። በጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ሥራውን የመራው መሐንዲስ ኧርል ቶምሰን ሲሆን፣ ይኸው ሰው ቀደም ሲል ማርሽ ሲገባ ጥርሶች እንዳይፋጩ የሚያደርገውን ሲንክሮሜሽ የተባለ ዘዴ ያስገኘ ነው። ሃይድራ-ማቲክ በ1940 ሞዴል የኦልድስሞቢል የቤት መኪና ላይ ተገጥሞ ለገበያ ቀረበ።

አሠራሩን ለመረዳት ሁለት የአየር ማራገቢያዎችን ፊት ለፊት አቁሞ ማሰብ ይበቃል። አንደኛው ሲዞር ነፋሱ ሁለተኛውን ያዞረዋል። እዚህ የነፋሱን ቦታ የያዘው ዘይት ነው። ኀይልን በፈሳሽ የማስተላለፉን ሐሳብ ጀርመናዊው ሄርማን ፎቲንገር በ1905 ለመርከብ ብሎ ያወጣው ነበር። ቶምሰንና ጓደኞቹ በዚህ ላይ በዘይት ግፊት ራሳቸውን የሚለውጡ አራት የፊት ማርሾችን ጨመሩበት። የሾፌሩ ግራ እግር ሥራ ፈታ። (እኛ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ የሚሉትን ቃላት ከጣልያንኛ ወርሰን የራሳችን አድርገናቸዋል፤ አውቶማቲኩ ግን ይህን የመሰለ ስም ሳያገኝ አውቶማቲክ እንደተባለ ቀርቷል።)

ብዙም ሳይቆይ ጦርነት መጣ። ኤም 5 የተባለው ቀላል ታንክ በሁለት የካዲላክ ሞተሮችና በሁለት ሃይድራ-ማቲኮች ይነዳ ስለ ነበር፣ ካምቢዮው በጦር ሜዳ ተፈትኖ ተመለሰ። በኮርያ ጦርነት ዘመንም ጂ. ኤም. ሲ. ኤም 135 የተባለውን ባለ ሁለት ቶን ተኩል ወታደራዊ የጭነት መኪና በዚሁ ካምቢዮ ሠራ፤ ሠራዊቱ ግን ውሎ አድሮ በእጅ ማርሽ የሚነዳውን ኤም 35 መረጠ።

ነሐሴ 12 ቀን 1953 በሚሺጋን ግዛት ሊቮንያ የሚገኘው የሃይድራ-ማቲክ ፋብሪካ በእሳት ወደመ፤ ሠራተኞችም ሞቱ። የካዲላክና የኦልድስሞቢል ፋብሪካዎች ለጊዜው የቢዩክን ዳይናፍሎ ለመግጠም ተገደዱ። የሃይድራ-ማቲክ ሥራ በጦርነቱ ዘመን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ወደተሠራበት ወደ ዊሎው ራን ተዛውሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ቀጠለ።

ሼቭሮሌት ሃይድራ-ማቲክን ለቀላል የጭነት መኪኖቹ በምርጫ ያቀረበው ከዚህ በኋላ፣ በ1954 ሞዴል ነው። የሚገርመው የራሱ የቤት መኪኖች ፓወርግላይድ በተባለው ባለ ሁለት ማርሽ ካምቢዮ ሲሄዱ፣ ጭነት ተሸካሚው ባለ አራት ማርሹን ማግኘቱ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሃይድራ-ማቲክ አንደኛ ማርሽ 3.82 ለ1 ስለሆነ የተጫነ መኪና ከቆመበት ሳይጨነቅ ይነሣል።

የድሮ ሾፌሮች ትዝታ የሚያተኩረው ግን በቁጥሩ ላይ አይደለም። የኋላ ማርሽ ከዝቅተኛው ማርሽ አጠገብ ስለ ነበር፣ ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረን መኪና እጀታውን ወደዚህና ወደዚያ እያሉ በማወዛወዝ ያወጡት ነበር። ይኸው አቀማመጥ አደጋም ነበረው፤ ዝቅተኛውን የፈለገ እጅ አልፎ የኋላውን ሊያስገባ ይችላል። በ1968 ሥራ ላይ የዋለው የአገሪቱ ደንብ በፊትና በኋላ ማርሽ መካከል ገለልተኛው ቦታ እንዲኖር አዘዘ። የማቆሚያ ማርሽ ስላልነበረውም ሞተሩን አጥፍተው እጀታውን በኋላ ማርሽ ላይ ያስቀምጡት ነበር። ባትሪው ሲሞት ደግሞ ተገፍቶ ይነሣል፤ ከኋላ በኩል ጎማው ሲዞር የሚሠራ ሁለተኛ የዘይት ፓምፕ ነበረውና። የኋለኞቹ ካምቢዮዎች ይህን ፓምፕ ሲተዉት ያ ጥበብ አብሮ ተረሳ።

ለውጥ የሚሹት ወገኖች ክርክር ቀላል አይደለም። በዛሬው አውራ ጎዳና አሮጌው መኪና ሞተሩ እየጮኸ ይሄዳል፤ በ1982 የወጣው 700-አር-4 ካምቢዮ ግን አራተኛ ማርሹ የሞተሩን ድካም ያቀልላል። አሮጌውን የሚያውቅ መካኒክም እያነሰ ነው። በእኔ አስተያየት፣ ብዙ ወንድሞች ባሉት መኪና ላይ ይህን ማድረግ አያስነቅፍም። የፋብሪካው ሃይድራ-ማቲክ እስካሁን ከሥሩ ያልተነሣ የ1954 የጭነት መኪና ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሻንሲው አንዴ ከተቆረጠ በኋላ መመለሻው ከባድ ነው። አስተዋይ የሆኑት ባለቤቶች አዲሱን ሲገጥሙ ከሻንሲው አንዳች ሳይቆርጡ፣ አሮጌውን ካምቢዮ ዘይቱን ሞልተው፣ ቀዳዳዎቹን ደፍነው፣ በሸራ ሸፍነው ከጋራዡ ጥግ ያኖሩታል፤ መኪናው ሲሸጥም አብሮ ይሸጣል።