የሰዓት ድልድል በኮምፒዩተር፤ የችግሩ ምንጭና የሚዛኑ ባለቤት

ትምህርት ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህር ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋውን ሰፊ ወረቀት ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ይልቅ ለራሱ ኑሮ የቀረበ መሆኑን ሳይረዳው አይቀርም። ወረቀቱ ከላይ ወደ ታች በመምህራን ስም፣ ከግራ ወደ ቀኝ በአምስቱ የሥራ ቀናትና በየቀኑ ክፍለ ጊዜያት ተሰምሮ፣ በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ «9ኛ ሀ»፣ «10ኛ ሐ» እየተባለ በእርሳስ ይጻፍበታል፤ በቀለም የማይጻፍበትም ምክንያት፣ ዛሬ የተጻፈው ነገ በላጲስ እንደሚጠፋ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ነው። እኔ በወጣትነቴ ባስተማርሁበት ትምህርት ቤት ይህን ሥራ ዓመት በዓመት የሚሠሩ አንድ አረጋዊ መምህር ነበሩ። ወረቀቱ ሞልቶ አንዲት የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ብቻ ማደሪያ ስታጣ፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ ሲያጠፉና ሲጽፉ ከዋሉ በኋላ፣ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ወደ መምህራን ማረፊያ ይመጡና፣ «ልጄ፣ ያችን ዓርብ ጠዋት አልችልም ያልኻትን ክፍለ ጊዜ ብትሰጠኝ ስንቱ ነገር በተፈታልኝ» ይሉኝ ነበር። ያን ጊዜ ልመናቸው የትሕትና አነጋገር ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ስለ ሰዓት ድልድል የተጻፉትን የምርምር ድርሰቶች ሳነብ ግን፣ አረጋዊው የችግሩን ሥር በጣታቸው ይነኩት እንደነበር ተገነዘብሁ።

ይህን ሥራ ኮምፒዩተር ተቀብሎ እንዲሠራው የተሞከረው፣ ኮምፒዩተር ራሱ አንድ ሙሉ ክፍል የሚይዝ ግዙፍ መኪና በነበረበት ዘመን ነው። በ1961 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አፕልቢ፣ ብሌክና ኒውማን የተባሉ ተመራማሪዎች የትምህርት ቤት ሠንጠረዥን በኮምፒዩተር ስለ ማዘጋጀት በእንግሊዝ አገር በሚታተም የሙያ መጽሔት ላይ ጻፉ፤ በ1962ም የቶሮንቶው ሊቅ ካልቪን ጎትሊብ በሙኒክ ከተማ በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ስለ ክፍልና መምህር ድልድል ያቀረቡት ጽሑፍ ለዘርፉ እንደ መሠረት ድንጋይ ሆነ። ጎትሊብ ነገሩን ከዝርዝሩ ሁሉ አራቁተው በሦስት ባለጉዳዮች መካከል የሚደረግ ስምምነት አድርገው አቀረቡት፤ እነርሱም መምህር፣ ክፍልና ሰዓት ናቸው። አንድ መምህር በአንድ ሰዓት በሁለት ክፍል አይገኝም፤ አንድ ክፍልም በአንድ ሰዓት ሁለት መምህር አያስተናግድም። ሕጉ ይኸው ብቻ ነው።

ሕጉ ይኸው ብቻ ቢሆንማ ኖሮ ችግሩ ገና ኮምፒዩተር ሳይፈጠር ተፈትቶ ባደረ ነበር። የሀንጋሪው የሒሳብ ሊቅ ዴኔሽ ኬኒግ በ1916 ስለ ነጥቦችና ነጥቦችን ስለሚያገናኙ መስመሮች ያረጋገጡት አንድ ድንጋጌ አለ፤ ይህም ድንጋጌ ወደ ትምህርት ቤት ቋንቋ ሲመለስ፣ የማንኛውም መምህርና የማንኛውም ክፍል የትምህርት ብዛት ካሉት ክፍለ ጊዜያት ብዛት ካልበለጠ፣ መምህራኑም ሆኑ ክፍሎቹ በማናቸውም ሰዓት ለመገኘት ነጻ ከሆኑ፣ ግጭት የሌለበት ሠንጠረዥ ሁልጊዜ ይገኛል የሚል ነው። መገኘት ብቻም አይደለም፤ ኮምፒዩተሩ ምንም ያህል ብዙ ክፍል ቢሰጠው በአጭር ጊዜ ሠርቶ ያወጣዋል። እንግዲህ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ችግሩ በብዛት ካልመጣ ከወዴት መጣ?

መልሱን በትንሽ ምሳሌ ማየት ይቻላል፤ አንባቢም እርሳስና ወረቀት ይዞ ቢከተለኝ ይበልጥ ይረዳዋል። ሁለት ክፍሎች፣ ሀ እና ለ፣ ሦስትም ክፍለ ጊዜያት አሉ እንበል። የሒሳብ፣ የፊዚክስና የአማርኛ መምህራን እያንዳንዳቸው ለሁለቱም ክፍሎች አንድ አንድ ጊዜ ያስተምራሉ። የሒሳቡና የፊዚክሱ መምህራን በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ የአማርኛዋ መምህርት ደግሞ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አንገኝም አሉ። ሦስቱንም ለየብቻ ብንመረምራቸው ጥያቄያቸው ልከኛ ነው፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ትምህርት አላቸው፣ ሁለት ነጻ ክፍለ ጊዜም ሰጥተውናል። ነገር ግን ሒሳብና ፊዚክስ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሁለቱንም ክፍሎች ጨርሰው ስለሚይዟቸው፣ አማርኛ የቀራት ሦስተኛው ብቻ ይሆናል፤ በዚያም በአንዲት ሰዓት ሁለት ክፍል ማስተማር ይኖርባታል፤ ይህም አይሆንም። የሒሳቡ መምህር ግን በሦስተኛው እመጣለሁ ቢሉ ወዲያው ይፈታል፤ በመጀመሪያው ፊዚክስ ሀን፣ ሒሳብ ለን፤ በሁለተኛው አማርኛ ሀን፣ ፊዚክስ ለን፤ በሦስተኛው ሒሳብ ሀን፣ አማርኛ ለን ያስተምራሉ። ጥፋተኛ ሳይኖር ሠንጠረዡ ይታነቃል፤ የአንድ ሰው አንዲት ሰዓትም ትፈታዋለች። አረጋዊው መምህር እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ይመጡ የነበረው ለዚህ ነው።

ሺሞን ኢቨን፣ አሎን ኢታይና አዲ ሻሚር በ1976 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንኑ ነገር በጥብቅ ማስረጃ አጸኑት። መምህራን የማይገኙባቸው ሰዓቶች እንደ ገቡ፣ ክፍለ ጊዜያቱ ሦስት ብቻ ቢሆኑ እንኳ፣ ጉዳዩ ሊቃውንቱ «ኤን ፒ ኮምፕሊት» ብለው ከሚጠሯቸው ችግሮች ወገን ይሆናል፤ ይኸውም የቀረበልንን መፍትሔ መመርመር ቀላል ሲሆን፣ መፍትሔውን ራሱን በማናቸውም ጊዜ ፈጥኖ የሚያስገኝ ስልተ ቀመር እስከ ዛሬ ያልታወቀለት ማለት ነው። ሁሉን እየሞከሩ መምረጥም አያዋጣም። ሃያ ትምህርቶችን በሃያ ክፍለ ጊዜያት ውስጥ በየተራ ለመደርደር ያለው አማራጭ 2,432,902,008,176,640,000 ሲሆን፣ በየሰኮንዱ አንድ ሚሊዮን አማራጭ የሚመረምር መኪና ሁሉን ለመጨረስ ከ77,000 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የድንበሩ ቦታ ነው። በቀላሉና በአስቸጋሪው መካከል ያለው ድንበር በትምህርቶቹ ቁጥር ላይ አላረፈም፤ ያረፈው መምህር ከትምህርት ቤቱ ውጭ ሌላ ሕይወት፣ የሚታመም ልጅ፣ የማታ ትምህርት፣ የሩቅ መንገድ ያለው ሰው በመሆኑ ላይ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ አንባቢ እዚህ ላይ ባሕረ ሐሳብን ሳያስታውስ አያልፍም። ትውፊቱ እንደሚነግረን፣ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ ነነዌ፣ ዐቢይ ጾምና ጾመ ሐዋርያት ከሰኞ፣ ርክበ ካህናትና ጾመ ድኅነት ከረቡዕ፣ ዕርገት ከሐሙስ፣ ስቅለት ከዓርብ፣ ደብረ ዘይት፣ ሆሣዕና፣ ትንሣኤና ጰራቅሊጦስ ከእሑድ እንዳይወጡ ይመኝ ነበር፤ ስሌቱም የተገለጠለት ከዚህ ምኞት በኋላ ነው። ዘመናዊው ተመራማሪ «የማይጣስ ግዴታ» ብሎ የሚጠራውን ነገር አባቶች በዚህ መልክ አስቀድመው አስቀምጠውታል፤ 532 ዓመት የሚዞረው ዐቢይ ቀመርም ያንን ግዴታ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያፈርስ ይመላለሳል። ልዩነቱ፣ የድሜጥሮስ ምኞቶች እርስ በርሳቸው የማይጣሉ መሆናቸው ነው፤ የመምህራንና የተማሪዎች ፈቃድ ግን ይጣላል። ስለዚህ የሰዓት ድልድል ሊቃውንት ከግዴታው ጎን ሁለተኛ መዝገብ ከፈቱ፤ በዚህኛውም ቢሟላ የሚወደድ፣ ባይሟላ ግን ዋጋ የሚያስከፍል ፈቃድ ሁሉ ይጻፋል። ዋጋውን የሚተምነው ማን ነው የሚለው ጥያቄ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከስልተ ቀመሩ ሁሉ ይበልጣል።

የፈተና ድልድልን እንውሰድ። ዌልሽና ፓወል በ1967 እንዳመለከቱት፣ እያንዳንዱን ፈተና እንደ ነጥብ፣ ሁለት ፈተና የሚወስድን ተማሪ ደግሞ ሁለቱን ነጥቦች እንደሚያገናኝ መስመር ብናየው፣ ድልድሉ በመስመር የተገናኙ ነጥቦችን በተለያየ ቀለም ከመቀባት አይለይም፤ ቀለሙ የፈተናው ሰዓት ነው። ማይክል ካርተር፣ ዢልበር ላፖርትና ሊ በ1996 ከእውነተኛ ተቋማት የተሰበሰቡ 13 የፈተና መዝገቦችን ለምርምር አቀረቡ፤ ከትንንሾቹ በአንዱ ብቻ 81 ፈተናዎች በ18 የፈተና ጊዜያት ይደለደላሉ። አንድ ተማሪ ሁለት ፈተና በአንድ ሰዓት አይወስድም፤ ይህ ግዴታው ነው። ነገር ግን ተማሪው በሁለት ፈተናዎች መካከል እንዲያርፍ ሲባል ዋጋ ተተመነ፤ ሁለቱ ፈተናዎች ተከታትለው ከዋሉ 16፣ በመካከላቸው አንድ ጊዜ ካለ 8፣ ሁለት ካለ 4፣ ከዚያም 2፣ በመጨረሻም 1። ይህ ሁሉ ተደምሮ ለተማሪዎቹ ቁጥር ይካፈላል፤ ትንሽ ውጤት ያገኘም ሠንጠረዥ የተሻለ ይባላል።

በእነዚህ አምስት ቁጥሮች ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። አንዲት ተማሪ ሁለት ፈተና ያለ ዕረፍት ብትወስድ 16 ይቈጠራል፤ ዐሥራ ስድስት ተማሪዎች በሁለት ፈተናዎች መካከል አራት አራት ጊዜ ቢያርፉም ድምሩ እንዲሁ 16 ነው። ስለዚህ መኪናው የአንዲቱን ድካም ከዐሥራ ስድስቱ መጠነኛ ቅሬታ ጋር እኩል አድርጎ ይመዝነዋል፤ አማካዩም ከወረደ አንዲቱ ሁሉንም ፈተናዎቿን በተከታታይ ብትወስድ እንኳ ሠንጠረዡን ከመመስገን አይከለክለውም። ይህ የስሌት ስሕተት አይደለም፤ ስሌቱ የታዘዘውን በታማኝነት ፈጽሟል። የታዘዘው ግን ፍርድ ነው፤ በቁጥር መልክ የተጻፈ ፍርድ። በ2007 በተደረገው ዓለም አቀፍ የድልድል ውድድር በአንደኛው ዘርፍ፣ ከክፍሉ ወንበር በላይ ለተረፈ ለእያንዳንዱ ተማሪ 1፣ ትምህርቱ ከተወሰነው ባነሱ ቀናት ሲሰጥ ለጎደለው ለእያንዳንዱ ቀን 5፣ ከሌላው ተነጥሎ ለቀረ ክፍለ ጊዜ 2 ይከፈል ነበር። አምስቱ ስለ ምን ስድስት አልሆነም? መኪናው ይህን አይጠይቅም፤ ልንጠይቅ የሚገባን እኛ ነን። ሙለንታለርና ቫንካ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ተመራማሪዎች ከድምሩ ይልቅ ከሁሉ የከፋ ዕድል የደረሰበትን ወገን አስቀድሞ የሚያስብ ሚዛን ማጥናታቸው፣ ለዚህ ዘርፍ ከብዙ የፍጥነት ድሎች የሚበልጥ አገልግሎት ነው እላለሁ።

ስለ ስልቶቹ እጅግ ማብዛት አልሻም፤ አንዱን ግን ለውበቱ አነሣዋለሁ። ኪርክፓትሪክ፣ ጌላትና ቬኪ በ1983 ያስተዋወቁት ዘዴ ከብረት ሥራ የተወሰደ ነው። የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ ይሆናል፤ ቀስ በቀስ ሲቀዘቅዝ ግን ውስጡ ተስተካክሎ ይረጋል። በድልድሉም እንዲሁ፣ መኪናው በመጀመሪያ ገና «ግለት» ሳለ ሠንጠረዡን የሚያበላሹ ለውጦችን ጭምር አልፎ አልፎ ይቀበላል፤ ግለቱ ሲቀንስ ክፉውን እየተወ የሚያሻሽለውን ብቻ ይይዛል። አስቀድሞ ጥቂት መበላሸትን የማይቀበል ፈላጊ፣ በቅርብ ያገኛት ትንሽ ጉብታ የተራራው ጫፍ መስላው እዚያው ይቀራልና።

የሚዛኑ ጥያቄ ከትምህርት ክፍል ወጥቶ በአደባባይ ሲነሣ የታየው በ2017 በቦስተን ከተማ ነው። የከተማው የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው የተማሪ አውቶቡሶችን መስመር በስልተ ቀመር ሲያወጡ 50 ያህል አውቶቡሶች ቀነሱ፤ ይህም መልካም ነበር። ቀጥሎ የትምህርት መጀመሪያ ሰዓቶችን በዚሁ መንገድ ለመደልደል ተነሡ፤ ትልልቆቹ ተማሪዎች በቂ እንቅልፍ አግኝተው ዘግየት ብለው እንዲገቡ፣ ሕፃናቱም ሳይመሽባቸው ቤት እንዲደርሱ ታሰበ። በታኅሣሥ ወር ዕቅዱ ሲገለጥ ግን አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ሰዓታቸው ተለውጦ፣ ብዙ ሕፃናትም ገና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ እንዲገቡ ተመድበው ተገኙ። ወላጆች ተቈጡ፤ ወሩ ሳይወጣም ዕቅዱ ተሻረ። ተመራማሪዎቹ የተሰጧቸውን ዓላማዎች በትክክል አስልተዋል፤ ነገር ግን በጎሕ ሕፃን ቀስቅሳ፣ አልብሳ፣ ወደ ሥራዋ የምትሮጥ እናት ድካም በሚዛኑ ላይ ስንት ይመዝን እንደነበር የወሰነችው እናቲቱ ራሷ አልነበረችም። ከስልተ ቀመሩ በፊት ስለ ሚዛኑ የበለጠ ምክክር ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ድካም በከንቱ ባልቀረ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዘርፉ ይህን ከመገንዘብ ወደ ኋላ ያለ አይደለም። ከ1995 የኤድንበርግ የሰዓት ድልድል ጉባኤ ጀምሮ ተመራማሪዎቹ በየጊዜው እየተገናኙ፣ በፈጠራ መዝገብ ከመወዳደር ወደ እውነተኛ ዩኒቨርሲቲዎች መዝገብ እየተሸጋገሩ መጥተዋል። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሳበው በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና ማንም በነጻ ሊገለገልበት የሚችለው ዩኒታይም የተባለ ሥርዓት ነው፤ በዚህ ሥራ የደከሙት ቶማሽ ሙለርና ባልደረቦቹ፣ ሠንጠረዡን አንድ ጊዜ አሳምሮ ከማውጣት ይልቅ ከወጣ በኋላ ስለሚደርስበት ነገር ብዙ አስበዋል። ሠንጠረዡ ተለጥፎ፣ ተማሪው ገልብጦት፣ መምህሩም ኑሮውን በእርሱ አስተካክሎ ሳለ፣ አንድ ሰው ድንገት «ማክሰኞ አልችልም» ሲል መኪናው ሁሉን አፍርሶ ከሁሉ የተሻለውን አዲስ ሠንጠረዥ ቢያወጣ ጥቅሙ ከጉዳቱ ያንሳል። ስለዚህ ችግሩን ለውጠው አቀረቡት፤ አዲሱ ጥያቄ የተቻለውን ያህል ጥቂት ሰው ብቻ ተናውጦ የሚፈታው እንዴት ነው? መኪናውም ለውሳኔው ባለቤት አማራጮችን ከነዋጋቸው ይዘረዝርለታል፤ ይህችን ብታንቀሳቅስ እነዚህ ሁለቱ ይነካሉ፣ ያችን ብታንቀሳቅስ እነዚያ አምስቱ ይነካሉ ይለዋል። ከዚያ በኋላ ተነሥቶ ወደ መምህራን ማረፊያ መሄድና ከሁለቱ አንዱን መጠየቅ የእርሱ ፈንታ ነው።