የኤሊ ድንጋይ ልብስ ከየት መጣ?

መንደራ ቆጪ ያለ ልጅ ስለ ኤሊ ብትጠይቁት «ቤቷን ተሸክማ የምትዞር» ሳይላችሁ አይቀርም። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ግን ልብ በሉ፤ ከቤት ይወጣል፣ ኤሊ ግን ከቅርፊቷ መውጣት አትችልም። የጀርባዋ ቅርፊት የራሷ የጎድንና የአከርካሪ አጥንት ሰፍቶና ተገጣጥሞ የተሠራ ነዋ!

ታዲያ እንዴት ጀመረ? በ2008 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ከቻይና፣ ከጉይዡ ግዛት የተገኘች የ220 ሚሊዮን ዓመት ኤሊ አስተዋወቁ። ኦዶንቶኬሊስ ትባላለች፣ «ባለጥርስ ኤሊ» እንደማለት። የዛሬ ኤሊዎች ጥርስ የላቸውም፤ እሷ ግን ከላይም ከታችም ነበራት። ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ ሆዷ በሙሉ ቅርፊት ተሸፍኖ፣ ጀርባዋ ላይ ግን ሰፋፊ የጎድን አጥንቶች ብቻ መኖራቸው ነው። አንዳንዶች «ስትዋኝ ከታች ከሚመጣ አዳኝ ይጠብቃታል» አሉ።

እኔን ግን የያዘኝ የደቡብ አፍሪካው ዩኖቶሳውረስ ነው። 260 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ቅርፊት የለውም፣ ጎድኑ ግን ሰፊ ነው። በምህንድስና ዓይን ሲታይ ይህ ኪሳራ ነው፤ ደረት ይደርቃል፣ መተንፈስም መሮጥም ይከብዳል። ጥቅሙስ? በ2016 የወጣ ጥናት «መቆፈር» ይላል። ዶማ የያዘ ሰው ያውቀዋል፣ ወገብ ካልጠነከረ ክንድ ብቻውን አይቆፍርም። መከላከያነቱ ኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ጅማ የቆመችው ከእሳተ ገሞራ በፈሰሰ ድንጋይ ላይ ስለሆነ እንዲህ ያለ ቅሪት እዚህ አትፈልጉ። በሕይወት ያለች ኤሊ ካጋጠመቻችሁ ግን ሳትገለብጧት ጀርባዋን በጣት ነካ አድርጉ። ይሰማታል።