የምስል መምረጫዋ ቁልፍ ታሪክ

የአንድ ድርጅት ድረ ገጽ አስተዳዳሪ የሠራተኞችን ስምና ፎቶግራፍ ለመመዝገብ በተዘጋጀለት ልዩ ቅጽ ላይ «ምስል ምረጥ» የምትለውን ቁልፍ ሲነካ፣ በማኅደሩ የተከማቹት ምስሎች በመስኮት ተደርድረው ይቀርቡለታል። ከእነዚያም የፈለገውን ይመርጣል፤ ሥራው በዚሁ ያበቃል። ይህ ነገር እንዲህ ቀላል ሆኖ እስኪታይ ድረስ ግን ሃያ ዓመት ያህል ፈጅቷል።

በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ማርክ አንድሪሰን ምስልን በገጽ ውስጥ የሚያስገባ ምልክት እንዲኖር ሐሳብ ያቀረበው በፌብሩዋሪ 1993 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነበር። ምልክቱ የሚጠይቀው የምስሉን አድራሻ ነው፤ ጸሐፊውም አድራሻውን በእጁ መጻፍ ነበረበት። አንዲት ፊደል ከተሳተች ምስሉ አይታይም። በኖቬምበር 1995 የዜሮክስ ባልደረቦች ኤርነስቶ ኔበልና ላሪ ማሲንተር ፋይልን በቅጽ አማካይነት ወደ ሰርቨር የመላኪያውን ደንብ ጽፈው አወጡ። በዚህ ደንብ የመጣችው የፋይል መምረጫ ቁልፍ ግን የምታየው የተጠቃሚውን ኮምፒዩተር ብቻ ነው፤ ቀድሞ ሰርቨሩ ዘንድ የደረሰውን ምስል መልሶ ለመምረጥ አትረዳም።

ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል በ2003 ያወጡት ወርድፕሬስ፣ በማርች 2008 በወጣው 2.5 እትሙ የተሻሻለ የምስል መስኮት አቀረበ። ይሁንና መስኮቱ የታሰበው ለጽሑፍ ማዘጋጃው እንጂ ባለሙያዎች ለሚሠሯቸው ልዩ ቅጾች አልነበረም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ አንድ ዘዴ ፈጠሩ። መስኮቱ የተመረጠውን ምስል ለማዘጋጃው የሚያስረክብበትን የጃቫስክሪፕት ተግባር በራሳቸው ተግባር ይተኩና፣ ከሚላከው የኤችቲኤምኤል ቁራጭ ውስጥ አድራሻውን ለቅመው በቅጹ ሣጥን ያስቀምጡት ነበር። ነገሩ በመንገድ ቆሞ የሰው ደብዳቤ እንደ መቀበል ያለ ነው፤ ግን ይሠራ ነበር። የቀድሞውን ተግባር ወደ ቦታው መመለስ የዘነጋ ባለሙያ ግን፣ በጽሑፉ መካከል ሊገባ የሚገባው ምስል አድራሻው ወደ ቅጹ ሣጥን ሲሄድ ያገኘው ነበር።

በዲሴምበር 2012 የወጣው 3.5 እትም ይህን ስርቆሽ አስቀረ። አዲሱን መስኮት ማንኛውም ቅጽ በግልጽ ሊጠራው ይችላል፤ ምርጫው ሲፈጸምም የምስሉን መለያ ቁጥር፣ አድራሻ፣ ልዩ ልዩ መጠኖችና የመግለጫ ጽሑፍ በአንድነት ያስረክባል።

ከዚህ ሁሉ በቅጹ የሚቀመጠው የትኛው ነው? ዋናው ጉዳይ ይህ ሲሆን፣ ብዙዎች በአሮጌው ልማድ አድራሻውን ብቻ ማስቀመጥ ቀጠሉ። ድርጅቱ የድረ ገጹን ስም ሲለውጥ በየሣጥኑ የተቀመጠው አድራሻ የቀድሞውን ስም እንደ ያዘ ይቀራል፤ የፎቶግራፎቹም ቦታ ባዶ ይሆናል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው የመግለጫ ጽሑፉ መቅረቱ ነው፤ ገጹን በድምፅ አንባቢ ፕሮግራም የሚከታተል ዓይነ ስውር ፎቶግራፉ የማን እንደሆነ የሚነግረው አያገኝም። መለያ ቁጥሩን ያስቀመጠ ቅጽ ግን አድራሻውንም መግለጫውንም ገጹ በሚታይበት ጊዜ ከማኅደሩ ጠይቆ ያቀርባል።

ቁጥሩም ቢሆን ፍጹም አይደለም። ይዘቱ ተነጥሎ ወደ ሌላ ማኅደር ሲዛወር ምስሎቹ አዲስ ቁጥር ሊሰጣቸው ይችላል፤ የቅጹ ሣጥን ደግሞ አሮጌውን ይዞ ይቆያል። ያ አሮጌ ቁጥር በአዲሱ ማኅደር ለሌላ ምስል ተሰጥቶ ከሆነ፣ በአንዱ ሠራተኛ ስም ሥር የሌላው ፎቶግራፍ ይወጣል።